የልጅቷ ክንድ

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» ሲል ቫዮሊን ሠሪው ጠየቀ፤ የሻረግም ሳታስበው «አሥራ አንድ» ብላ መለሰች።

የደነገጠችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ልጅ የሚባል ነገር የለም። ወልዳ አታውቅም፤ ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ እልፍነሽም አልወለደችም። ቫዮሊኑን ልትከራይ የመጣችው ለራሷ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ሰኞ ማታ፣ ሰፈሯ ባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከአዋቂ ጀማሪዎች ጋር ትምህርት ትጀምራለች፤ ጸሐፊዋም፣ «መሣሪያ መግዛት አያስፈልግዎትም፣ ሳን ሎሬንሶ ሰፈር የሚያከራይ ሰው አለ» ብላ መንገዱን አሳይታታለች። ይህንኑ ለማስረዳት ከትራሙ ወርዳ እስከ ሱቁ በር ድረስ በጣልያንኛ ስታጠና ነበር የመጣችው። «ለእኔ ነው። ልጅ ሳለሁ ትንሽ ተምሬ ነበር።» ከዚህ ሌላ የምትለው አልነበራትም። ሰውዬው ግን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ ጣቶቹ ላይ የደረቀውን ኮላ በጨርቅ እየፈተገ፣ እንደ ቆየ ጎረቤት ፈገግ ብሎ ጠየቃት። ከኋላዋ ደግሞ አንዲት ዘንጣ የለበሰች እናት ሴት ልጇን ይዛ ተራ ትጠብቃለች፤ ሰውዬው ልጅቷን እንደ ትልቅ ሰው በአክብሮት ሰላም ብሏታል። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት «ተማሪዋ እኔ ነኝ» ማለት፣ በሰው ፊት ልብስ እንደ ማውለቅ ከበዳት።

«ኒፖቲና?» አለ ሰውዬው፤ የልጅ ልጅዎ ናት ወይ ማለቱ ነው። የሻረግ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «አሎራ፣ እንግዲያው ለአሥራ አንድ ዓመት ሙሉው መጠን ይበዛባታል» አለና ቫዮሊኖቹ ከተንጠለጠሉበት ሽቦ ላይ አንዱን አወረደ። ከአዋቂው ቫዮሊን አነስ ያለ፣ አንገቱ ቀጠን ያለ ነበር። «ክንዷ ሲረዝም መልሰው ያመጡታል፣ እኔም በትልቁ እለውጥልዎታለሁ። እናቶች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ልጅ ያድጋል፣ እንጨት አያድግም።» ኪራዩ በወር አሥራ ስምንት ዩሮ ነው። ካርታ ዲዴንቲታዋን፣ መታወቂያዋን፣ ተቀብሎ ስሟን ጻፈ፤ ቀጥሎ የተማሪዋን ስም ጠየቃት። የሻረግ መጀመሪያ የመጣላትን «እልፍነሽ» አለችው። ሰውዬው ስሙን ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ ቆንጆ ስም ነው ብሎ መዘገበው። «ክንዷን ብለካው ይሻል ነበር» አለ ሳጥኑን እየዘጋ፤ «ካልተመቻት ይዘዋት ይምጡ።» የሻረግ እሺ ብላ ሳጥኑን አንጠልጥላ ወጣች። ያቺ ዘናጭ እናት በሩን ያዘችላትና፣ «ደስ ይላታል፣ ምን ያለች ዕድለኛ ልጅ ናት» አለቻት።

እንዲህ የሚያናግራትን ሌላ ጊዜ ባገኘች ደስ ባላት ነበር። ዛሬ ግን መንገዱን ፈጥና ተሻግራ፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመች። ሽታው አብሯት ወጥቷል፤ የቫርኒሹና የደጋኑ ሙጫ ሽታ። ሱቁ ውስጥ አንደበቷን ያሰራት፣ ሰውዬው ከጠየቃት ጥያቄ ይልቅ ይኸው ሽታ ሳይሆን አይቀርም። በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ መጨረሻ ክፍል ውስጥ ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ቫዮሊኖቹ የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍባቸዋል፤ አንዱን ለአራት ተማሪ ነው የሚያዳርሱት። የየሻረግ ተራ ከምሳ በኋላ ነበር። አገጯን ስታሳርፍበት እንጨቱን ከእሷ በፊት በተጫወተው ልጅ ሙቀት ገና እንደሞቀ ታገኘዋለች። አስተማሪዋ ማዳም እያሉ የሚጠሯቸው ቡልጋሪያዊት ነበሩ፤ አማርኛቸው ከሁለት ቃል አያልፍም። «ትከሻ ዝቅ» ይሉና በእርሳሳቸው ጫፍ ክርኗን ከሥር ያቀኑላታል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከታች የታክሲ ነጂዎች ይጣራሉ፣ አንዱ ሎሚ ሻጭ ዘወትር በዚያው ሰዓት ያልፋል፤ እሷም ያን የመሰለ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አባቷ ታሰሩ። እናቷ ቤቱን ብቻቸውን ሊይዙት አልቻሉም፤ የሻረግ የታይፕ ሥራ አግኝታ ገባች። የመጨረሻው ቀን የመጨረሻ መሆኑን እንኳ አላወቀችውም። ቫዮሊኑን እንደ ወትሮው ለባለ ተራው አቀብላ፣ እንደ ወትሮው በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ነው የወጣችው።

ትራሙ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ዘግይቶ መጣ። የሻረግ ከኋላ ተቀምጣ ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ሮም ውስጥ እንደ እሷ ያለች ሴት የሰው ዕቃ ይዛ ብትታይ የሚገርመው የለም። በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኗ የአሠሪዋን የሲኞራዋን የጠጉር ካፖርት ወደ ልብስ አጣቢ፣ የልጆቹን የቴኒስ ራኬት ወደ ሜዳ፣ አንድ ጊዜም ቤት ሙሉ የሚሸፍን የተጠቀለለ ምንጣፍ በትከሻዋ አመላልሳለች። ሲኞራዋ ዘንድሮ ፋሲካ ሳምንት ላይ አረፉ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳሎናቸው ውስጥ ማንም የማይነካው ፒያኖ ነበር፣ የሻረግ በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ የምትወለውለው። ድምፅ እንዳያወጣ ቀስ ብላ። አሁን የምትሠራው ጠዋት ጠዋት፣ ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት ነው፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ቀኑ የራሷ ሆኖባት፣ ምን እንደምታደርግበት ግራ ገብቷት ነበር የከረመችው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ መስኮት ሥር ሰበብ ፈልጋ መቆም የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ፖርታ ማጆሬ ፌርማታ ላይ ጽጌረዳ ገባች። ቤተ ክርስቲያን የሚተዋወቁ የእድሜ እኩያዋ ናት፤ ሁለት ፌስታል አትክልት ይዛ አጠገቧ ዘጭ አለች። ሰላምታው አልቆ የቲማቲም ዋጋ፣ የፓድሮኔዋ፣ የአሠሪዋ፣ ጸባይ፣ ሜትሮው ከተከፈተ ወዲህ የፒኜቶ ኪራይ እንዴት እንደናረ ከተወራ በኋላ ዓይኗ ሳጥኑ ላይ አረፈ።

«የሹ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ቫዮሊን ነው።»

«የነዚያ የአዲሶቹ ነው? ልጅ አላቸው እንዴ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች፤ «እኔንም እንዲሁ ነው የሚያደርጉኝ። ትናንት የብስክሌት ጎማ አስነፊልን ብለው ልከውኝ ባንዱ እጄ ውሻ፣ ባንዱ እጄ ብስክሌት። ኮንትራቴ ላይ ውሻ አለ? የለም። አንቺ ደግሞ ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ማለት ታበዣለሽ፤ አንድ ቀን እምቢ በያቸው።»

የሻረግ፣ «እላቸዋለሁ» አለች። ጽጌረዳ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በነጋታው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ «የሹን ቫዮሊን አሸክመዋት አየኋት» ብላ የምታወራው እንኳ አዝናላት ነው። የሻረግ በመስኮቱ የድሮውን የከተማ ግንብ እያየች ሄደች። ለፈረንጁ ለልጅ ልጄ ነው አለችው፣ አመነ። ለአገሯ ልጅ ምንም ሳትላት የአሠሪዋ ተደረገ። «የእኔ ነው» ብል ማን ይሰማኛል ስትል አሰበችና ሳጥኑን ወደ ሆዷ አስጠጋችው።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። መኝታ ቤቱ ሁለት አልጋ ከያዘ በኋላ ቁም ሳጥኑ በግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ መስኮት አለው። እልፍነሽ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያሉ ቢሮዎችን ገና ሳይነጋ የምታጸዳ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ትንሽ ትተኛለች፤ ዛሬ ግን ገበያ እሄዳለሁ ብላ ነበርና ቤቱ ባዶ ነው። የሻረግ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሳጥኑን አልጋዋ ላይ ከፈተችው። ቫዮሊኑን አነሳች። አገጯ ሥር ስታስገባው ክርኗ ወደ ደረቷ ታጠፈ፤ የግራ እጇ ጣቶች፣ በረኪናና ሙቅ ውኃ ያሳበጣቸው ጣቶች፣ በዚያች ቀጭን አንገት ላይ እርስ በእርሳቸው ተረጋገጡ። አንዱን ክር ስትነካ ጎረቤቱን ይነካባታል። ደጋኑን እንኳ አላወጣችውም። ዝም ብላ ይዛው ቆመች። ከዕድሜዋ ያነሰ ጫማ ውስጥ እግሯን ለመክተት እንደምትታገል ሰው ሆነችና ልታስቅ ምንም አልቀራት።

በሩ ሲከፈት አልሰማችም። እልፍነሽ ፌስታሏን እንደያዘች መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። በስምንት ዓመት ታንሳታለች፤ ዝምታ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። እዚያው ቤት እዚያው ጠረጴዛ ላይ አብረው በሉ ጠጡ፣ ሰው ቀበሩ፣ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አሳደሱ፤ አባታቸው ስለታሰሩበት ስለዚያ ዓመት ግን አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። እልፍነሽ ያኔ ትምህርቷን መቀጠል የቻለችው የሻረግ የራሷን አቋርጣ ሥራ ስለገባች ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፣ ጥሩ ውጤት አመጣች፣ መጨረሻው ግን የሁለቱም የሮም መወልወያ ሆነ። እልፍነሽ ይህን የማታውቅ አልነበረችም፤ አንስተውት የማያውቁትም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

«የማን ነው?» አለች እልፍነሽ።

«ተከራይቼው ነው።»

«ለማን?»

የሻረግ ቫዮሊኑን ከአገጯ ሥር አወረደችው። «ለእኔ» አለች።

እልፍነሽ ዞር ብላ ወጥ ቤት ገባች። ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ፣ ቧንቧው ሲከፈት ይሰማል። ወይኑን አጠበች፣ ድንቹን አጠበች፣ የታጠበውን መልሳ ያጠበች መሰለ፤ ውኃው ይፈሳል ይፈሳል። የሻረግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ተቆጥታለች» አለች በልቧ። አሥራ ስምንት ዩሮ ለጨዋታ። በዚህ ዕድሜ። ጣሪያው እያንጠባጠበ፣ የቤቱ ባለቤት ፓድሮኔው ኪራይ ሊጨምር እያዛተ። ሁሉንም የምትመልስበትን ቃል እያሰናዳች ሳለ ቧንቧው ተዘጋ፤ እልፍነሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተመልሳ መጣችና ከፊት ለፊቷ፣ በራሷ አልጋ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄማ ያንስሻል እኮ፣ እታለም» አለች።

«ለልጅ ነው ብዬው ነው።»

እልፍነሽ አልሳቀችም። ቫዮሊኑን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ክሮቹን ሳትነካ ዳር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ከመንገዱ የጎረምሶች ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይመጣል፤ ቡና ቤቶቹ ወንበር ማውጣት ጀምረዋል።

«እኔ እኮ ተኝቼ አልነበረም» አለች በመጨረሻ።

«መቼ?»

«ማታ ማታ፣ ልጆች ሳለን። አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ። ተኝታለች ብለሽ ክንዴን ትስቢውና ቫዮሊን ታጠኚበት ነበር።» የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበችና ከአንጓዋ በላይ ያለውን ሥጋ አሳየቻት። «እዚህ ጋ አውራ ጣትሽን ከሥር ታደርጊያለሽ፤ በአራቱ ከላይ ትሄጂበታለሽ። አንዳንዴ ይኮረኩረኛል። ከተንቀሳቀስኩ ታቆሚያለሽ ብዬ ትንፋሼን ውጬ ዝም እላለሁ።» ክንዷን ተመለከተች። «ከዚያ አንድ ቀን ተውሽው። ዛሬ ደክሟት ይሆናል፣ ነገ ትጀምራለች እያልኩ ክንዴን እንደዘረጋሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ጠበቅኩ። ለምን እንደተውሽ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።»

የሻረግ ረስታው ነበር። ቁም ሳጥኑን፣ ማዳምን፣ የሎሚ ሻጩን ጥሪ ሳይቀር ይዛ ስትዞር፣ ይህን ግን ፈጽሞ ረስታው ነበር። አሁን ሲነገራት እጇ ከእሷ ቀድሞ አስታወሰ፤ የዚያችን ትንሽ ክንድ ሙቀት፣ የለጋ ጠጉሩን ልስላሴ፣ ሁለተኛው ጣት የሚያርፍበትን ማርያም የሳመቻት ምልክት። እጅጌው ተሰብስቦ ሳለ አየችው፤ ምልክቱ እዚያው አለ፣ ቆዳው ግን ተሸብሽቧል። እልፍነሽ ተነስታ እጅጌዋን መለሰች፣ ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ አጋደመችው፣ ማሠሪያውን ቆለፈችው።

«ሱቁ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«አንቺ ደክሞሻል፤ ነገ—»

«ነገ ሥራ አለኝ። ተነሽ።»

ሳን ሎሬንሶ ሲደርሱ መብራት በርቶ ነበር። ቫዮሊን ሠሪው የፊቱን መስታወት መዝጊያ በግማሽ አውርዶ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወደ አንድ ጥግ እየጠረገ ነው። የሻረግ በሩ ላይ እግሯ ተያዘ። እልፍነሽ ግን ሳጥኑን እንደያዘች ከመዝጊያው ሥር ጎንበስ ብላ ገባችና በዚያ በተሰባበረ፣ ከቢሮ ጥበቃዎች በለቀመችው ጣልያንኛ፣ «ቦና ሴራ ሲኞሬ። ልክ አልሆነም። ልጅቷን ይዤልዎት መጥቻለሁ» አለችው።

ሰውዬው ወደ በሩ ተመለከተ። ልጅ ፈለገ። «እልፍነሽን?» አለ።

«እልፍነሽስ እኔ ነኝ» አለች እልፍነሽ። «ተማሪዋ እሷ ናት።» እህቷን ክንዷን ይዛ ወደ ብርሃኑ ሳበቻት። «ትንሽ ዘግይታ ነው።»

የሻረግ መሬት ብትውጣት በወደደች። ሰውዬው አንዴ እሷን፣ አንዴ እልፍነሽን አየ፤ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ፤ ከጠረጴዛው መሳቢያ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣ። ቅድም ከዘናጯ እናት ጋር የነበረችውን ልጅ በምን ዓይነት አክብሮት እንዳነጋገራት የሻረግ አይታ ነበር፤ አሁንም ድምፁ ያው ነው።

«አሎራ፣ ሲኞራ» አለ፣ «ካፖርትዎን ያውልቁ። ግራ እጅዎን ወደ ጎን ይዘርጉልኝ።»

ዘረጋች። የሜትሩን አንድ ጫፍ አንገቷ ሥር ይዞ ሌላውን እስከ መዳፏ መሐል ሳበው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አየ፤ ያበጡትን አንጓዎች ሲያይ ፊቱ አልተለወጠም። «ሙሉው ነው የሚያስፈልግዎ» አለ። «ከዚህ በኋላ መለወጥ የለም። እርስዎ አድገው ጨርሰዋል።» የሻረግ ሳትፈልግ ሳቀች። ከሽቦው ላይ ሦስት አወረደላትና ይምረጡ አላት፤ እሷም በመልክ አልመረጠችም። እያንዳንዱን አገጯ ሥር እያስገባች ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ትከሻዋ በራሱ ወረደ። ኪራዩ ያው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ሰርዞ በላዩ ላይ «የሻረግ» ብሎ ጻፈ። ሲወጡ እልፍነሽ ሳጥኑን ለመሸከም እጇን ስትሰድ የሻረግ፣ «ተይው፣ እኔው እይዘዋለሁ» አለቻት።

እራት አልሠሩም። ወይኑን በዳቦ በሉ። እልፍነሽ ጠዋት ማልዳ ስለምትነሣ ልብሷን ለውጣ አልጋዋ ውስጥ ገባችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሻረግ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ ደጋኑን ወጠረች፣ ሙጫውን ቀባችው፤ ሰው ቤት እንደምትገባ ሰው ጫማዋን አወለቀች። ሩቅ የነበረ ነገር በአንድ ጊዜ ይመጣልኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልመጣም። ደጋኑ ክሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ዘለለ፣ አንድ ክፉ የሲጥሲጥታ ድምፅ አወጣ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልተሻለም። በሦስተኛው ለአፍታ፣ ትንፋሽ በማትሞላ ጊዜ፣ ክሩ ንጹሕ ሆኖ ጮኸና ተመልሶ ተበላሸ። ደጋኑን አወረደችው። ከታች ጎረቤቱ ወንበር ሳበ፤ ከመንገዱ ትራሙ አለፈ። ከመኝታ ቤቱ ምንም አይሰማም፤ ተኝታለች ማለት ነው ብላ ቫዮሊኑን ወደ ሳጥኑ ልትመልሰው ጎንበስ አለች።

«ዘይት ያልተቀባ በር ነው የሚመስለው» አለች እልፍነሽ በጨለማው ውስጥ።

«ይቅርታ፣ እልፌ። አስነሣሁሽ። ተኚ።»

«ማን አቁሚ አለሽ? ያቺ የመጨረሻዋ ጥሩ ነበረች። ድገሚያት።»

የሻረግ ቀና አለች። የመኝታ ቤቱን በር በሰፊው ከፈተችው፣ ቫዮሊኑን አገጯ ሥር መለሰች፣ ደገመችው።